ጠረን የሚለይ ዘር
አቀንጭራ ማሽላን በጨለማ እንዴት ያገኘዋል?



በቆቦና በራያ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ሰው ይህን ነገር ሳያይ አልቀረም። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ ማሽላው ግን ውሃ እንደ ጠማው ሁሉ ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ ይገረጣል፣ ይቀጭጫል። ገበሬውም ዝናም አነሰ ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ብቅ ሲል ነገሩ ይገለጣል። ሌባው ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ውስጥ ነበረ፤ እርሱም አቀንጭራ ነው።

አቀንጭራ እንደ ሌላው አረም አይደለም። ሥሩን ከማሽላው ሥር ላይ ሰክቶ ውሃውንና ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ ነው። ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ለሳምንታት በአፈር ውስጥ ሲመጥ ይቆያል። ስለዚህ አበባውን ባየን ጊዜ የጉዳቱ ብዙው ክፍል ተፈጽሟል።

ዘሩ በምን ያውቃል?

የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ ደቃቅ ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይበቅልና ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ደቃቅ ስለሆነም ስንቁ ጥቂት ነው፤ በበቀለ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚመጠው ሥር ካላገኘ ይሞታል። ታዲያ ዓይንና ጆሮ የሌለው ዘር ማሽላ አጠገቡ መብቀሉን በምን ያውቃል?

መልሱ የሚያስገርም ነው። ዘሩ የማሽላን ሥር እንደ ጠረን ባለ ነገር ይለየዋል። የማሽላ ሥር ስትራይጎላክቶን የሚባል ረቂቅ ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ያወጣል፤ ዘሩም ይህ ሲደርሰው ይነቃል። የዚህ ንጥረ ነገር የመጀመሪያው ዓይነት በ1966 እ.ኤ.አ. ከጥጥ ሥር ተለይቶ ታውቋል።

ነገር ግን ተክል የገዛ ጠላቱን ለምን ይጠራል? በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ምሥጢሩን ገለጡት። ተክሉ የሚጠራው ወዳጁን ነው። በአፈር ውስጥ ከሥር ጋር ተዛምደው የሚኖሩ ደቃቅ ፈንገሶች አሉ፤ እነርሱም ለተክሉ ፎስፈረስ ያመጡለታል፣ እርሱም ይቀልባቸዋል። አፈሩ ሲከሳ ተክሉ ይርበዋል፤ ሲርበውም ጥሪውን ያበዛል። አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን ጥሪ ሰምቶ የሚመጣ ያልተጠራ እንግዳ ነው። በከሳ መሬት ላይ የሚበረታውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የአገራችን ልጅ ሥራ

በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተምረው በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት በማሽላ ላይ ሠርተዋል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዓይነቶችን አገኙ። በ1994 እ.ኤ.አ. 8 ቶን ዘር ተባዝቶ ኢትዮጵያ ላለችባቸው 12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከእነዚህ ማሽላዎች አንዳንዶቹ ለምን እንደሚቋቋሙ በግልጽ ታወቀ። አንድ ጂን ሥራውን በማቆሙ የጥሪው ዓይነት ተለውጧል። ማሽላው መጥራቱን አልተወም፤ አቀንጭራ ግን አዲሱን ጥሪ እምብዛም አያውቀውም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም እንዲህ ያለ ለውጥ በአፍሪካ ገበሬዎች ነባር ዘሮች ውስጥ፣ አቀንጭራ በሚገኝባቸው አገሮች እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ አቀንጭራ በበዛበት ማሳ ላይ ከሌላው ተለይቶ የቆመ ነባር ማሽላ ካያችሁ ዘሩን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ለልማት ሠራተኛውም አሳዩ።

ምን እናድርግ?

1ኛ. አቀንጭራን ሳያብብ ንቀሉ። ዘንድሮ መንቀል የዘንድሮውን ማሽላ እምብዛም አያድነውም፤ የልጆቻችሁን መሬት ግን ያድናል። ያበበውን ከማሳ አውጥታችሁ አቃጥሉ፤ በመንገድ ላይ አትጣሉ፣ ለከብትም አትስጡ።

2ኛ. መሬቱን በደንብ በበሰበሰ ፍግና ኮምፖስት አጥግቡ። የጠገበ ማሽላ ጥሪው አነስተኛ ነው።

3ኛ. አዝመራ አፈራርቁ። ጥጥ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሰው ያበቅሉታል፤ ነገር ግን አያስመጥጡትም። የበቀለውም በረኃብ ይሞታል። ይሁን እንጂ የአንድ ዓመት ማፈራረቅ መሬቱን አያጸዳም።

4ኛ. ዘር ከንጹሕ ማሳ ምረጡ። ሞፈርና ቀንበራችሁን፣ የከብቶቻችሁንም ኮቴ ከአፈር አጽዱ።

5ኛ. በጎርፍ ጠለፋ የምታለሙ ሁሉ በደቦ ንቀሉ። ጎርፍ ከላይኛው ማሳ ዘሩን ይዞ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ አንድ ሰው ለብቻው ቢነቅል ጎረቤቱ ይዘራበታል።

6ኛ. ጎብዬና አብሽር የሚባሉትን የሚቋቋሙ ዘሮች አቀንጭራ በበረታበት ማሳ ላይ ሞክሩ። ፈጥነው ይደርሳሉ፤ ቁመታቸው ግን አጭር ስለሆነ አገዳቸው ያንሳል።

ለልማት ሠራተኞች

አገዳ ለራያ ገበሬ የከብት መኖና የምድጃ ማገዶ ነው። ገበሬው አጭሩን ማሽላ አልፈልግም ቢል አለማወቅ አድርጋችሁ አትቍጠሩበት። ማሳውን በሙሉ እንዲለውጥ ከመገፋፋት ይልቅ በጣም በተጎዳው ጥማድ ላይ አዲሱንና ነባሩን ጎን ለጎን ያሳዩ ዘንድ ከባለቤቱ ጋር ተስማሙ። በመከር ጊዜ እህሉንም አገዳውንም አብራችሁ መዝኑ፤ ፍርዱን ለገበሬው ተዉለት።

አቀንጭራ ለዓመታት በአፈር ውስጥ መታገሥ ያውቃል። እኛም በየዓመቱ ሳንሰለች ከነቀልንና መሬታችንን ከቀለብን፣ በአፈሩ ውስጥ የተከማቸው ዘር ቀስ በቀስ እየመነመነ ይሄዳል።