የፓምፑ ነገርና የቤት ባለቤት መብት

እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ የኮንዶሚኒየም ቤት አላት። የውሃው ፓምፕ ከተበላሸ ሦስት ወር አለፈው። ጄሪካን የምትሸከመው እሷ ናት፤ ወርሃዊ መዋጮ የሚሰበስቡት ደግሞ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃ ላይ ያማቸዋል፣ ሲያገኛቸው ግን «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ነው። (እኔም ያው ነኝ!)

አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ሳነብ ግን ቦርዱን የሚመርጠው የቤት ባለቤቶች ጠቅላላ ጉባኤ መሆኑን አየሁ። ስለዚህ ሐሜቱን ትተን፣ ስንት ብር ተሰበሰበ? ለምን ዋለ? ደረሰኙስ? ብለን ጻፍን፤ ጉባኤ እንዲጠራም ጠየቅን። ሃያ አንድ ሰው ፈረመ። ቅጂው ላይ መቀበላቸውን ከነቀኑ አስፈረምናቸው፤ ያለዚያ «አልደረሰኝም» ማለት ይመጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ጋዜጠኝነቱን በእኔ ጀመርሽው?» አሉኝ።

እናቴ ቀደመችኝ፦ «ደረሰኙን ያሳዩዋትና በሌላ ትጀምራለች።»

ጉባኤው ለእሁድ ተጠርቷል።