ዝንጅብል ለመትከል ለተነሳህ ልጄ

1. ከሁሉ በፊት ይህን እወቅ፤ የምንበላው ዝንጅብል ሥር አይደለም። አፈር ውስጥ ተጋድሞ የሚያድግ ግንድ ነው። ገላው ላይ የምታያቸው ቀለበቶች አንጓዎቹ ናቸው፤ ዓይኑም የሚወጣው ከእነሱ ነው። እውነተኛው ሥር ከታቹ የሚወርደው ክር ነው። ሽቅብ የቆመው አገዳ ደግሞ እንደ እንሰት እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እቅፍ ነው።

2. ዝንጅብል ተቆርሶ ነው የሚተከለው። ስለዚህ የእናቱን ጥሩነትም ሆነ በሽታ እንዳለ ይዞ ይመጣል። ከቴፒ የምርምር ማዕከል የወጡት ቦዚያብና ያሊ ደህና ዝርያዎች ናቸው፤ ግን ዝርያው ምንም ቢሆን የመጣበትን ማሳ ሳታይ ዘር አትግዛ። ሁለት ሦስት ዓይን ያለውን ቁራሽ ቁርጡ እስኪደርቅ ጥላ ላይ አቆይተህ፣ ዝናቡ ሲገባ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበረው።

3. አትቸኩል። መጀመሪያ አንድ ቡቃያ ይወጣል፤ ከዚያ የቡቃያው እግር አፈር ውስጥ ያብጣል። ካበጠው ጎን ላይ ያሉት ዓይኖች ጣት ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ጣት ጫፉን ቀና አድርጎ የራሱን አገዳ ያበቅላል፤ ከጎኑም ሌላ ጣት ይወልዳል። አገዳው ሲበዛ ጣቱም እየበዛ ነው ማለት ነው። ጣቱን የሚያወፍረው ቅጠሉ የሠራው ምግብ ስለሆነ፣ ለከብት ብለህ ቅጠሉን አትጨድ።

4. ጣቶቹ ወደ ላይ ይገፋሉ። ፀሐይ ካገኛቸው ይጠወልጋሉ፣ አረንጓዴም ይሆናሉ፤ ስለዚህ በየጊዜው አፈር አስታቅፋቸው። ጉዝጓዝም አልብሰው። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ አረሙን በእጅህ ንቀል።

5. ዝናብ ይወዳል፤ የተኛ ውሃ ግን ያበሰብሰዋል።

6. በ2004 ዓ.ም. ገደማ በወላይታና በከምባታ ጠምባሮ የገባው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ስንቱን ገበሬ ዝንጅብል አስትቷል! ልቤን የሚበላኝ ይኼ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ይጠቀለላል፤ ቢጫው ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ አገዳው በትንሽ ጉተታ ከአንገቱ ይለቃል። ከጠረጠርህ አገዳውን ቆርጠህ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቁመው፤ ከቁርጡ ነጭ ክር ከወረደ ባክቴሪያው አለ። ረጭተህ የምታድነው መድኃኒት የለም። የታመመውን ከነአፈሩ አውጥተህ አርቅ፣ መቆፈሪያህን እጠብ፣ ከማሳህ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ጎረቤትህ እንዳይገባ ቦይ ቁረጥ። እዚያ አፈር ላይ ለጥቂት ዓመታት በቆሎ ዝራ፤ ቲማቲም፣ ድንችና በርበሬ ግን አታስጠጋ፤ ባክቴሪያው እነሱንም የሚያጠቃ ጠላት ነው።

7. ለስላሳና ቃጫው ያልጠነከረ ዝንጅብል የሚፈልግ ገበያ ካለህ በአምስተኛው በስድስተኛው ወር ማውጣት ትችላለህ። ለደረቅና ለዘር ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እስኪወድቅ፣ ስምንት ዘጠኝ ወር ያህል ጠብቅ። የዘሩን መደብ ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ ምረጥና በእንጨት ምልክት አድርግበት፤ ከደረቀ በኋላ ጤነኛውንና የታመመውን መለየት ያስቸግራል።