በኪራይ የጭነት መኪና እህል ሲጓጓዝ የሚደረግ ጥንቃቄ

ብዙ ማኅበራት ምርታቸውን ወደ ገበያ የሚያደርሱት በኪራይ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ለመንገዱ እንግዳ ሲሆን፣ ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

1. ጭነቱ ከታሰረ በኋላ ከመሬት እስከ ጫፉ ያለው ከፍታ ይለካ፤ ልኩም ተጽፎ ጋቢና ውስጥ ይለጠፍ።

2. ከባዱ ጆንያ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይጫን። አናቱ የከበደ መኪና ኩርባ ላይ ይገለበጣል።

3. ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ከመውረድ በፊት ከባድ ማርሽ ይግባ። ያለ ማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ግሎ አልይዝ ይላል።

4. የረገበ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያጋጥም መኪናው ይቁም፤ ሽቦውን በዱላ ማንሳት ይገድላል። መኪናው ሽቦ ከነካ ኃይሉ እስኪቋረጥ ሾፌሩ አይውረድ፤ ማንም አይጠጋ።

5. በጭነት ላይ ሰው ከቶ አይሳፈር።

የልማት ሠራተኞች ይህን ከጭነት በፊት ለአባላት እንዲያስረዱ እናሳስባለን።