የየቲሙ ሐቅና የመድን ሕግ

አባት በመኪና አደጋ ሲሞት ዘመድና ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል፤ ለልጆቹም መዋጮ ይሰበሰባል። ይህ ታላቅ ምግባር ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ለእነዚያው የቲሞች የወሰነላቸው ካሣ ጠያቂ አጥቶ ሲቀር እናያለንና ስለዚሁ ጥቂት ማስረዳት ወደድን።

በአገራችን የመድን ሥራ ያለ ፈቃድ አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 746/2004 ፈቃድ የመስጠቱንና የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለብሔራዊ ባንክ ሰጥቷል፤ ኩባንያውም ከተከፈለ ካፒታሉ 15 በመቶውን በባንኩ ዘንድ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ዓላማው አረቦን የሰበሰበ ኩባንያ ካሣ በሚጠየቅበት ቀን ባዶ እጁን እንዳይገኝ ነው። ወለድንና ገረርን በመፍራት ከመድን ለራቁ ወገኖችም በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ለተካፉል በር ከፍቷል።

የቲሞችን በቀጥታ የሚመለከተው ግን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ ሊነዳ አይችልም። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው ካሣ ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ ኋላ ግን መጠኑ ከፍ ስለተደረገ ጠያቂው አሁን የሚሠራበትን መጠን ይጠይቅ። መኪናው ገጭቶ ቢያመልጥ ወይም መድን ባይኖረው እንኳ የመድን ፈንድ ካሣውን ይከፍላል። ከዚያ በላይ የደረሰውን ጉዳት ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት ከባለመኪናው መጠየቅ ይቻላል።

አንዳንድ አሳዳጊዎች «የመድን ገንዘብ ይፈቀዳልን?» ብለው ያመነታሉ። ይህ ካሣ ሟቹ ከገዛው ውል የመነጨ ሳይሆን ጉዳት ካደረሰው ወገን የሚጠየቅ መብት መሆኑን ልብ ይሏል። ጥርጣሬ ያደረበት ዓሊም ይጠይቅ፤ ዝም ብሎ ግን አይቀመጥ። የንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ከመድን ውል የሚነሣን ጥያቄ በሁለት ዓመት ይገድበዋልና።

ስለዚህ አሳዳጊው የፖሊስ ሪፖርት፣ የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነትና የሞግዚትነት ውሳኔ ሳይዘገይ ይያዝ። ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይሰጣል።

ውድ ለጋሾቻችን፣ የቲምን መርዳት ገንዘብ በመስጠት ብቻ አያበቃም። ማንበብ የማትችልን እናት ይዞ ቢሮ ለቢሮ መዞርም ሰደቃ ነው። የተገኘው ካሣ ደግሞ የልጆቹ አማና ነውና በስማቸው ይቀመጥ፤ ሒሳቡም ይጻፍ።