ትምህርት ስምንት፦ መጻሕፍትን በየወገናቸው መመደብ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ መመደብ ምን እንደ ሆነ ያስረዳሉ፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በየወገናቸው ይለያሉ፤ በአጥቢያቸው መጻሕፍት ሲመዘገቡ ለመርዳት ይችላሉ።

መግቢያ

ልጆች፣ የመንዝና የግሼ ገበሬ ገብሱን ሁሉ በአንድ ጎታ አይከትም። የዘሩን ለብቻ፣ የእንጀራውን ለብቻ፣ ለቆሎ የሚሆነውን ሰነፍ ቆሎ ለብቻ ያኖራል። የዘር ጊዜ ሲደርስ ከተቀላቀለ እህል መካከል ፍሬ በፍሬ መልቀም አይቻልምና። እንዲህ ነገርን በሚያመሳስለው ጠባይ ሰብስቦ፣ በሚለየው ጠባይ ከፍሎ ማስቀመጥ መመደብ ይባላል። የሚመደበውም ኋላ ሲፈለግ በቶሎ እንዲገኝ ነው።

1. ከሰፊው ወደ ጠባቡ

ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት በመጀመሪያ በሁለት ይከፈላሉ፤ ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35። ብሉያት ደግሞ የሕግ፣ የታሪክ፣ የጥበብና የትንቢት ተብለው ይለያሉ። ከሐዲሳት 27ቱ ከማቴዎስ ወንጌል እስከ ዮሐንስ ራእይ ያሉት ናቸው። የቀሩት 8 የሥርዓት መጻሕፍት ናቸው፤ እነርሱም ሲኖዶስ 4፣ መጽሐፈ ኪዳን 2፣ ዲድስቅልያ 1፣ ቀሌምንጦስ 1።

ሌሎችም መጻሕፍት የየራሳቸው ወገን አላቸው። የቅዱሳንን ሕይወትና ተጋድሎ የሚተርክ ገድል፣ ትምህርትንና ምስጋናን የያዘ ድርሳን፣ የተደረገውን ድንቅ የሚናገር ተአምር፣ የቅዱሳንን መልክ እየዘረዘረ በግጥም የሚያመሰግን መልክእ ይባላል። ስሙን ስንሰማ መጽሐፉን ሳንገልጥ ወገኑን እናውቃለን።

2. አመዳደብ ጥያቄን ይከተላል

ስንክሳር ከመስከረም 1 ጀምሮ በየዕለቱ የተደረደረ ነው። ስለዚህ «ዛሬ የማን መታሰቢያ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ወዲያው ይገኛል። ነገር ግን የአንድን ቅዱስ ስም አውቆ ዕለቱን ያላወቀ ሰው ብዙ ቅጠል መግለጥ ግድ ይሆንበታል። ለእርሱ በስም ተራ የተጻፈ ሌላ ዝርዝር ያስፈልገዋል።

ይህን ችግር የጥንት ሰዎችም አውቀውታል። በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፍሎ 10 ሠንጠረዦች ሠራ። አንደኛው ሠንጠረዥ በአራቱም ወንጌላት የሚገኘውን ታሪክ ያመለክታል፤ የመጨረሻው በአንድ ወንጌል ብቻ የሚገኘውን ያሳያል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት ጥንታውያን ወንጌላት ላይ እነዚህ ሠንጠረዦች ያጌጡ ሆነው ይታያሉ።

በዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ ያወጣው አመዳደብ ነው። እርሱ ዕውቀትን ሁሉ በ10 ክፍል ደለደለ። በዚህም 200 ሃይማኖት፣ 220 መጽሐፍ ቅዱስ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ፣ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ ነው።

3. ያልተመዘገበ መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሸዋና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር። ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀመጠ። ነገር ግን ፊልም ብቻውን እንዳልተከፈለ የገብስ ክምር ነው። ስለዚህ በሸዋ በሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (እ.ኤ.አ. 1931–2021) ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በየቁጥሩ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት እየመረመሩ ጻፉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ድረስ የ5,000 መጻሕፍት ዝርዝር በ10 ጥራዝ ታተመ። ዛሬ ተመራማሪ የሚፈልገውን የሚያገኘው በዚህ ነው።

በአጥቢያችንም እንዲሁ ነው። በዕቃ ቤት ያለ፣ በመዝገብ ግን የሌለ መጽሐፍ ቢሰረቅ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም። ቢገኝም «የእኛ ነው» ለማለት ማስረጃ ይታጣል።

4. መዝገቡ እንዴት ይዘጋጃል?

ሀ. ያለ ካህናቱ ፈቃድ መጽሐፍ አይነካም። ተማሪ ካህናቱ የሚነግሩትን ይጽፋል።

ለ. ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የማይደገም ቁጥር ይሰጣል።

ሐ. ስሙ፣ ወገኑ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ብራና ወይም ወረቀት መሆኑ ይጻፋል። የፊት ቅጠሉ ወድቆ ስሙ ቢጠፋ የሚጀምርበት ቃል ይመዘገባል።

መ. በአንድ ጥራዝ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ይኖራል። ገድለ ተክለ ሃይማኖት ብዙ ጊዜ ከተአምሩና ከመልክኡ ጋር ይጠረዛል። እንዲህ ሲሆን ጥራዙ ቦታው አንድ ነው፤ በዝርዝሩ ግን በገድልም፣ በተአምርም፣ በመልክእም ሥር ይጻፋል።

ሠ. ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ አንዱ «ኃይለ»፣ ሌላው «ሀይለ» ብሎ ቢጽፍ ስሙ በሁለት ቦታ ይወድቃል። ስለዚህ አጻጻፉ አስቀድሞ ይወሰናል።

ረ. መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና በተለያየ ቦታ ይቀመጣል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ከ35ቱ ሐዲሳት 8ቱ የሥርዓት መጻሕፍት የትኞቹ ናቸው?

2. ገድል ከድርሳን በምን ይለያል?

3. ስንክሳር በዕለት መደርደሩ ለየትኛው ጥያቄ ይጠቅማል? ለየትኛውስ ያስቸግራል?

4. በቤታችሁ ያሉትን የእህል ዓይነቶች በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ መድቡ፤ እያንዳንዱ አመዳደብ ለማን እንደሚጠቅም ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።