ምዕራፍ ስምንት፦ አሮጌ ብስክሌትን በአነስተኛ ወጪ ማደስ

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

ከዚህ በታች ባሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ሰዎች ብስክሌትን ለምን ለምን ጉዳይ ይጠቀሙበታል?
2. ብዙ ጉድለት ያለበትን ብስክሌት በጥቂት ገንዘብ ማደስ የፈለገ ሰው ከየትኛው ክፍል መጀመር ይገባዋል? ምክንያታችሁን ግለጹ።
3. «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ያስተምራል?

ለ. ምንባብ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት አጠገብ የተቆረቆረችው ባሕር ዳር በብስክሌት ብዛት ከሚታወቁት የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ ናት። መሬቷ ሜዳ፣ ዋና ዋና መንገዶቿም ሰፋፊ በመሆናቸው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ነጋዴውም ወደ ገበያ በብስክሌት ሲመላለስ ይታያል። ይሁን እንጂ አዲስ ብስክሌት ለመግዛት ዐቅም ያለው ሁሉም ሰው አይደለም። ብዙዎች አሮጌውን ይገዙና ርካሽ መለዋወጫ እየፈለጉ ያድሱታል። እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ፣ ያለው ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ በምን ላይ ይዋል የሚለው ነው።

ከዓባይ ድልድይ ማዶ የሚኖር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በክረምቱ የዕረፍት ጊዜ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አሮጌ ብስክሌት ገዛ። ሐሳቡ ራሱ ሊጋልብበት ብቻ አልነበረም፤ ታናሽ እህቱንም ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ እያስቀመጠ ወደ ትምህርት ቤት ሊያደርሳት ነበር። ከግዢው የተረፈችውን ገንዘብ ይዞ ወደ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ሄደና የሚያብረቀርቅ አዲስ ማርሽ ቀያሪ እንዲገጥሙለት ለመናቸው።

ሽማግሌው ጠጋኝ ብስክሌቱን ገፋ አድርገው ፍሬኑን ያዙት። ብስክሌቱ ግን አልቆመም።

«ልጄ፣ መሄዱንስ ይሄዳል፤ መቆሙን ማን ያስተምረው?» አሉት።

«ጋሼ፣ ገንዘቤ ለሁለቱም አይበቃም» ሲል መለሰ።

«እንግዲያውስ የሚያቆመው ይቅደም። የሚያስሮጠው በኋላ ይደርሳል።»

ልጁ ቅር ቢለውም ምክራቸውን ተቀበለ። በገንዘቡም አራት የፍሬን ጎማዎች፣ ሁለት የፍሬን ካቦዎችና አንድ ካቴና ገዛ። ሁሉም ርካሽ ዕቃዎች ነበሩ። ጠጋኙ ግን ርካሽ ዕቃ ሲገዛ ዐይንና እጅ አብረው መሥራት እንዳለባቸው አስረዱት። ካቦው ጫፉ ያልተበተነና ዝገት የሌለበት፣ የፍሬኑ ጎማም ያልደረቀና ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ጎን ተቀምጦ ርዝመቱና ውፍረቱ፣ የብሎኑም ጥርስ መመሳሰሉ መታየት ይኖርበታል። ይህን ሳያረጋግጥ የሚገዛ ሰው ርካሹን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገዛዋል።

ከዚህ በኋላ ፍሬኑን የማስተካከል ሥራ ተጀመረ። የፍሬኑ ጎማ ሲያዝ ማረፍ ያለበት በቸርኬው የብረት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ወደ ላይ ከፍ ብሎ የብስክሌቱን ጎማ ከነካ ይፍቀውና ሊያፈነዳው ይችላል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ከጠርዙ ስቶ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች ሊገባ ይችላል። ፍሬኑ ሳይያዝ በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል በየወገኑ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር መልካም ነው። የፍሬኑ እጀታ በኃይል ሲጨበጥም ከመሪው ጋር መገናኘት የለበትም፤ ቢያንስ አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት መቅረት አለበት። ፍሬኑ ሲያዝ የሚጮኽ ከሆነ፣ የፍሬኑ ጎማ የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው ጥቂት ቀደም ብሎ ቸርኬውን እንዲነካ ማዘንበል ብዙውን ጊዜ ጩኸቱን ያስቀረዋል።

ቀጥሎ ካቴናው ተመረመረ። የካቴና እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ተከታዩ ፒን መካከል ሲለካ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የአዲስ ካቴና 24 መጋጠሚያዎች ሲለኩ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ካቴና ብዙ ሲሠራ ፒኖቹና ፒኖቹ የሚዞሩባቸው ቀዳዳዎች ስለሚበሉ ርዝመቱ ይጨምራል። ጭማሪው 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲደርስ ካቴናውን መለወጥ ይገባል። ጭማሪው 3 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ የዘገየ ሰው ግን የማርሾቹን ጥርሶች ጭምር ያስበላል፤ ያን ጊዜ አዲስ ካቴና ቢገባ እንኳ በተበሉት ጥርሶች ላይ እየዘለለ ያስቸግራል። የልጁ አሮጌ ካቴና ጭማሪ ከ2 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ሆኖ ስለ ተገኘ ማርሾቹ ገና አልተጎዱም ነበር። በጊዜው የተለወጠ ርካሽ ካቴና ውዱን ማርሽ አዳነለት ማለት ነው።

ልጁ ግን ዐይኑ አሁንም ከማርሽ ቀያሪው ላይ አልተነሣም። ጠጋኙ አሮጌውን ፈተው በናፍጣ አጠቡና የጃፓን ሥራ መሆኑን አሳዩት። በእርግጥም የዚህ ዕቃ ታሪክ፣ ዋጋና ጥራት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ያስረዳል። ሳንቱር በሚል የንግድ ስም ይታወቅ የነበረው የጃፓን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 አዲስ ዐይነት ማርሽ ቀያሪ ሠራ። ይህ ዕቃ ካቴናውን ሲያዘዋውር ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን የማርሾቹን ረድፍ ተከትሎ በሰያፍ ይንቀሳቀስ ስለ ነበር፣ ካቴናው ሳይንገራገጭ ይዘዋወር ነበር። ዋጋውም በዘመኑ ከነበሩት ታዋቂ የአውሮፓ ሥራዎች ያነሰ ነበር። የፈጠራው የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1984 ካበቃ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎችም ንድፉን ወሰዱት፤ ዛሬ አብዛኞቹ የኋላ ማርሽ ቀያሪዎች ይህንኑ አሠራር ይከተላሉ።

እንግዲህ አሮጌው ማርሽ ቀያሪ የጎደለው መስተካከል እንጂ መለወጥ አልነበረም። በላዩ ሁለት ትንንሽ የወሰን ብሎኖች አሉ። አንደኛው ካቴናው ከትንሹ ማርሽ አልፎ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከትልቁ ማርሽ አልፎ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች እንዳይገባ ይከለክላሉ። የሁለተኛው መላላት እጅግ አደገኛ ነው፤ ካቴናው ወደ ሽቦዎቹ ከገባ ቸርኬው በድንገት ሊቆልፍና ጋላቢውን ሊጥለው ይችላልና። በመጀመሪያ ካቦው ላልቶ ካቴናው በትንሹ ማርሽ ላይ ይቀመጣል፤ ከበስተኋላ እየታየም የማርሽ ቀያሪው የላይኛው ትንሽ ጎማ ከትንሹ ማርሽ ትይዩ እስኪሆን ድረስ የመጀመሪያው ብሎን በካቻቢቴ ይዞራል። ከዚያ ካቦው ተወጥሮ ይታሰራል። ካቴናው ወደ ትልልቆቹ ማርሾች ለመውጣት ከዘገየ ካቦው ጥቂት ይወጠራል፤ ወደ ትንንሾቹ ለመውረድ ከዘገየ ደግሞ ጥቂት ይላላል። በመጨረሻም ካቴናው በትልቁ ማርሽ ላይ ሆኖ የሁለተኛው ብሎን ወሰን ይስተካከላል።

ጠጋኙ ለልጁ አንድ ጥብቅ ሕግ ሰጡት። ሕጉም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መፈተን ነው። ሁለት ብሎን በአንድ ጊዜ ያዞረ ሰው ያሻሻለውም ሆነ ያበላሸው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም። ልጁም በደብተሩ ላይ እያንዳንዱን ለውጥና ውጤቱን መዘገበ።

አሁን የፈተናው ተራ ደረሰ። ፈተናውም ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ሳይጋልብ የፊቱን ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊት ገፋው፤ የፊቱ ጎማ አልዞረም፤ የኋላው ከመሬት ብድግ አለ። የኋላውንም ፍሬን እንዲሁ ፈተነ። ሁለተኛ፣ መኪና በማይመላለስበት ሜዳ ቀስ ብሎ እየጋለበ ፍሬኑን ደጋግሞ ያዘ። በዚህ ጊዜ ሁሉም የተስተካከለ መሰለውና እህቱን ሊጠራ ተነሣ።

«ቆይ» አሉት ጠጋኙ። «እሷን ከመጫንህ በፊት ክብደቷን ጫን።»

ልጁ እህል የያዘ ጆንያ በዕቃ መጫኛው ላይ አስሮ እንደገና ጋለበ። ጥቂት ፈጠን ብሎ ሁለቱንም ፍሬኖች አጥብቆ ሲይዝ፣ የኋላው እጀታ በድንገት ላልቶ ከመሪው ጋር ገጠመ። ካቦውን የሚይዘው ብሎን በደንብ ስላልጠበቀ ካቦው ሾልኮ ነበር። የፊቱ ፍሬን ስለ ያዘ ብስክሌቱ ቆመ፤ ሆኖም ካሰበበት ቦታ ብዙ አልፎ ነበር። ልጁ ከብስክሌቱ ወርዶ ጆንያውን እያየ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ብሎኑን ያጠበቀው እሱ ራሱ ነበርና።

ካቦው እንደገና ተወጥሮ ብሎኑ ጠበቀ። ልጁ ያንኑ ፈተና ከጆንያው ጋር ዐሥር ጊዜ ደገመው፤ ብስክሌቱ የሚቆምበትንም ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረገበት። ጭነት ሲኖር ቀደም ብሎ መያዝ እንደሚያስፈልግ ተረዳ። ጠጋኙ በቸርኬው ላይ ውኃ አፍስሰው ሲያስፈትኑትም የብረት ቸርኬ ሲርስ ፍሬን እጅግ እንደሚደክም አየ፤ ስለዚህ በዝናብ ቀን እህቱን ላለመጫን ወሰነ።

በማግስቱ ሁለቱ ልጆች ድልድዩን ተሻግረው በሰዓቱ ትምህርት ቤት ደረሱ። የብስክሌቱ ቀለም እንደ ላቀቀ፣ ማርሽ ቀያሪውም አሮጌ እንደ ሆነ ነበር። ልጁ ግን ጠዋት ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ሁለቱን ፍሬኖች መፈተንንና ብሎኖቹን በእጁ መዳሰስን አልተወም።

ሐ. የቃላት ፍች

መለዋወጫ — በተበላሸ ዕቃ ፈንታ የሚገባ ክፍል
ማርሽ ቀያሪ — ካቴናን ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው የሚያዘዋውር የብስክሌት ክፍል
ሰያፍ — ያዘነበለ፣ ቀጥ ያላለ
ቸርኬ — ጎማ የሚገጠምበት ክብ ብረት
ካቦ — ከእጀታው እስከ ፍሬኑ ወይም እስከ ማርሽ ቀያሪው የሚደርስ የተገመደ ሽቦ
ካቴና — ከፔዳሉ የሚነሣውን ኃይል ለኋላው ቸርኬ የሚያደርስ ሰንሰለት
ጠጋኝ — የተበላሸ ዕቃ የሚያድስ ባለሙያ

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ልጁ በመጀመሪያ ሊገዛ ያሰበው ምን ነበር? ሐሳቡን የለወጠው ለምንድን ነው?
2. የፍሬኑ ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ቢያርፍ ምን ጉዳት ይደርሳል?
3. የአንድ ካቴና 24 መጋጠሚያዎች ሲለኩ 307.8 ሚሊ ሜትር ሆኑ። ጭማሪው ስንት ነው? ምንስ መደረግ አለበት?
4. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መፈተን የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
5. «ልጁ ከብስክሌቱ ወርዶ ጆንያውን እያየ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።» በዚያን ጊዜ ምን ያሰበ ይመስላችኋል?

ሠ. ሰዋስው

ሳይፈጸም የቀረን ነገር ለመግለጽ «ቢ... ኖሮ... ነበር» የሚለው አገባብ ያገለግላል።
ምሳሌ፦ እህቱን ጭኖ ቢሆን ኖሮ ልትጎዳ ትችል ነበር።
የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በዚሁ አገባብ አሟሉ።

1. ልጁ ብሎኑን በደንብ አጥብቆ ቢሆን ኖሮ ________።
2. ካቴናው በጊዜው ባይለወጥ ኖሮ ________።
3. ________ ኖሮ ፍሬኑ ሳይታደስ ይቀር ነበር።

ረ. ጽሕፈት

በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ በአነስተኛ ወጪ ስለ ታደሰ አንድ ዕቃ ሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የዕቃውን ጉድለት፣ በሁለተኛው ዕድሳቱ በቅደም ተከተል እንዴት እንደ ተሠራ፣ በሦስተኛው ደግሞ ዕቃው እንዴት እንደ ተፈተነ ግለጹ።