የቤት ኮምፒውተራችንን አጥር እንፈትሽ

ዕጩ መምህራን! በወይጦ ሸለቆ የፍየል በረት በእሾህ ይታጠራል። አጥሩ ጅብን ያግዳል፤ በሩን ራሳችን ከከፈትንለት ግን ምን ያደርግልናል? የኮምፒውተር ፋየርዎልም እንዲሁ ነው።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ፋየርዎል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዘው ይመጣሉ። ታዲያ «አለኝ» ብሎ መተኛት አይበቃም፤ እንፈትሸው።

ሙከራ 1፦ ሁለት ኮምፒውተሮችን ከአንድ የስልክ ሆትስፖት ጋር እናገናኝ። በአንደኛው የትእዛዝ መስኮት «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተን አድራሻውን እንወቅ። ከሁለተኛው ሆነን ያንን አድራሻ በ«ፒንግ» እንጥራው። ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ከተመዘገበና ፋየርዎሉ ከበራ ብዙውን ጊዜ መልስ የለም። ለአፍታ ስናጠፋው መልሱ ከች ይላል። ወዲያው መልሰን እናብራው!

ሙከራ 2፦ ፋየርዎሉ እንደበራ ብራውዘር እንክፈት። ገጹ ያለ ችግር ይመጣል። ለምን ቢባል፣ ፋየርዎሉ ከውስጥ የተጀመረውን ግንኙነት እንዲሁ ያሳልፋል። እንግዲህ ከፍላሽ ዲስክ የገባ ቫይረስም በዚሁ በር መውጣት ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት እንደገለጸው፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የስለላ ፕሮግራም ይላክ የነበረው በኢሜይል፣ የአዶቢ ፍላሽ ማሻሻያ አስመስሎ ነው። አጥሩን መጣስ ሳያስፈልግ በሩን ባለቤቱ እንዲከፍት ማድረግ ይሉሃል ይህ ነው።

የመልመጃ ጥያቄ፦ የተማሪዎች ውጤት በተመዘገበበት ኮምፒውተር ላይ የሰው ፍላሽ ከመክፈታችን በፊት ምን እናድርግ?

መልስ፦ በጸረ ቫይረስ እንፈትሽ፤ የውጤቱን ቅጂ ሌላ ቦታ እናስቀምጥ።